በባዶ እጄ ያጠብኳት ሴት

ሰኞ

ጥፋተኛዋ አስቴር ናት። ሌላ ማንም አይደለም። ይህን መጀመሪያ ልጻፈውና ልቤ ትንሽ ይረፍ።

አስቴር የጓሮዬን ክፍል የተከራየች ልጅ ናት። ከደቡብ መጥታ እዚሁ ቡራዩ ፋብሪካ ትሠራለች። ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ጴንጤ ናት፤ እሑድ እሑድ ስትዘምር እየሰማሁ ዝም እላለሁ። ክፉ አይደለችም ብዬ ነበር። ከአሥር ቀን በፊት ታማሚ እናቷን ከሀገሯ አመጣች። "ታይፎይድ ነው እማማ፣ ክሊኒክ አሳይቻታለሁ" አለችኝ። እናትየው ከተኛችበት አልተነሳችም። ሐሙስ ሞተች። ዓርብ ቀበርናት። አጥቤ የገነዝኳት እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ጫልቱ መጣች። የሰፈራችን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ሌላ ጊዜ ዘው ብላ ገብታ በኦሮምኛ "አካም ጅርቱ፣ አዴ?" ብላ እንደ እናቷ ትስመኛለች። ዛሬ ከበሩ አላለፈችም። አፏን ሸፍናለች። ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ከኋላዋ ቆመዋል። ከሩቅ ሆና "አዴ ጥሩነሽ፣ ሬሳውን እነማን ናችሁ የነካችሁት?" አለችኝ። በርጩማ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለጤና ጣቢያ የነገራቸው ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ አልነገሩኝም። የአስቴር እናት በመጣችበት አገር አንድ በሽታ ገብቷል። ማርበርግ ይባላል። ከእሷ ጋር አብረው ይጸልዩ ከነበሩት ሴቶች የታመሙ አሉ፤ የሞቱም አሉ። አስቴር መታመማቸውን ታውቅ ነበር። ለእኔ ትንፍሽ አላለችም። እናቷ ስታስመልስ ባልዲ ያዋስኳት እኔ፣ አንሶላዋን ያሰጣሁላት እኔ።

የነካነው፦
እኔ።
ብርቄ። የጎረቤቴ ምራት ናት፤ አብራኝ አጠበች።
አስቴር።

ሳጥኑን የተሸከሙትን ወንዶች ለብቻ እንጠይቃቸዋለን አሉ።

ሃያ አንድ ቀን ከግቢ አልወጣም። ጠዋትና ማታ ሙቀቴን ለክቼ እጽፋለሁ። ደብተሩን የሰጡኝ ለእሱ ነው። "መጻፍ ይችላሉ?" አለኝ አንደኛው ሰውዬ። ጫልቱ ቀድማኝ "ይችላሉ!" አለችው። አዎ እችላለሁ። ለሠላሳ ዓመት ለባሌ ወረቀት እያቀበልኩ "ምን ይላል?" ስል፣ እሱም "አንቺን አይመለከትም" ሲለኝ ኖሬ፣ ስድሳ ከሞላኝ በኋላ ማታ ማታ ተምሬ ነው የቻልኩት። ደብተሩ ሰፊ ነው። ሙቀቱ አንድ መስመር ብቻ ይፈልጋል። የቀረውን እኔ እሞላዋለሁ።

ከዓርብ ወዲህ ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው። ጠዋት 36.4። ማታ 36.6።

ማክሰኞ

አራተኛ ቀን። 36.5።

ጫልቱ መጥታ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እኔ ከውስጥ። በመካከላችን ሁለት ክንድ ያህል አለ።

"ለመሆኑ ይሄ ነገር ከየት ነው የመጣው?" አልኳት።

"ከሌሊት ወፍ።"

ሳቅሁ። ሌላ ነገር የምትለኝ መስሎኝ ነበር። እሷ አልሳቀችም።

የነገረችኝን እንደገባኝ ልጻፈው። የሌሊት ወፏ ራሷ አትታመምም። ፍሬ የሚበሉ፣ ዋሻ ውስጥ በሺህ ሆነው ተጠጋግተው የሚውሉ ዓይነት አሉ። ቫይረሱ እነሱ ውስጥ ይኖራል። በሽንታቸው፣ በኩሳቸው፣ በምራቃቸው ይወጣል። ሰው ዋሻው ገብቶ ሲቆፍር፣ ሲጠርግ፣ ሲያድር ይይዘዋል። ሁሉም የሌሊት ወፍ ቫይረሱ አለበት ማለት አይደለም፤ ዋሻ የገባ ሁሉም አይታመምም። ግን አንድ ሰው ከያዘ ይበቃል።

"ከዚያ በኋላ የሌሊት ወፍ አያስፈልግም አዴ" አለችኝ። "ሰው ለሰው ያቀባብለዋል። በደሙ፣ በትውከቱ፣ በተቅማጡ፣ በላቡ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሬሳው ነው። ስለዚህ የሚይዘው ያስታመመውን ነው፣ ያጠበውን ነው። ታማሚ የሚጠላን ሰው ግን አይነካም።"

"እንግዲያው ባሌ በሕይወት ቢኖር ምንም አይሆንም ነበር" አልኳት።

ሳትፈልግ ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነው።

ምልክቶቹን ጠየቅኳት። ድንገተኛ ትኩሳት። ከባድ ራስ ምታት። ጡንቻ መቆረጣጠም። ድካም። ማስመለስ። ተቅማጥ። ከዚያ ከድድ፣ ከአፍንጫ መድማት። መጀመሪያ ላይ ወባና ታይፎይድ ይመስላል፤ ክሊኒኩም የተሳሳተው ለዚህ ሊሆን ይችላል አለች። ክትባት አለው? ገና የለውም። የሚድን ሰው አለ? አለ፤ ቶሎ ከመጣ፣ ግሉኮስ ከተሰጠው፣ ከተጠበቀ ይድናል።

አንድ የሚያጽናና ነገርም ነግራኛለች። ሰው ካልታመመ በቀር ለሌላ አያስተላልፍም። ትኩሳት እስኪጀምረኝ ድረስ ማንንም አልጎዳም። ይህን ሦስት ጊዜ አስደገምኳት።

እሷ ከሄደች በኋላ ጡንቻዬ ሲቆረጣጠም ተሰማኝ። ትናንት እንጨት ፈልጬ ስለነበር ይሆናል። ይሆናል። ማታ 36.5። ሁለቴ ለካሁት።

አስቴር ከክፍሏ አልወጣችም። እኔም አላናገርኳት።

ረቡዕ

አምስተኛ ቀን። 36.3።

የለቅሶውን ድንኳን የእድሩ ሰዎች መጥተው ነቀሉት። ሌላ ጊዜ ሲነቅሉ ይጯጯሃሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ውሃ አምጪ ይሉኛል። ዛሬ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ ሸራውን በእንጨት እየገፉ ጠቅልለው ወጡ። በእንጨት! እነዚህን ሰዎች አርባ ዓመት ሙሉ እናቶቻቸውን እየገነዝኩ ቀብሬላቸዋለሁ።

ከሰዓት ደግሞ ጉድ ተፈጠረ። ከግቢዬ በር ፊት ለፊት ሥራ ያቆመ አሮጌ ወፍጮ ቤት አለ። ጣሪያው ሥር የሌሊት ወፎች እንደሚኖሩ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ጉዳዬ ብሎ አያውቅም። የእድራችን ሊቀመንበር ኦቦ ገመቹ በሽታው ከሌሊት ወፍ ነው ሲባል ሰምቶ፣ አምስት ወንድ ሰብስቦ መጣ። በርበሬና የባሕር ዛፍ ቅጠል አጨሱበት። ጠራራ ፀሐይ ላይ እንስሶቹ እየጮሁ ወጡ። ሰማዩ ጠቆረ ማለት ይቻላል። በየቤቱ ጣሪያ፣ በየኮርኒሱ ገቡ። ሴቶች ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጠቅልለው ሮጡ። አንዷ የሌሊት ወፍ እኔ ግቢ፣ ከባልዲዬ አጠገብ ወደቀች። ክንፏ ይንቀጠቀጣል። ፊቷ የትንሽ ውሻ ፊት ይመስላል። ወደ ኋላ ሸሸሁ።

ጫልቱ እየሮጠች ደረሰች። "ዲሳ! ተዉ! ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"ከሥሩ ልናጠፋው ነዋ!" አለ ኦቦ ገመቹ።

"እነዚህ ትንኝ የሚበሉት ናቸው። ያኛው ዓይነት አይደሉም። አጭሳችሁ በተናችኋቸው፤ በየቤቱ አስገባችኋቸው እኮ! በተናችሁ ማለት አባዛችሁ ማለት ነው።"

"ትንኝ የሚበሉት መሆናቸውን በምን አወቅሽ? መታወቂያ አሳይተውሻል?"

"አሳይተውኛል። የቡራዩ ነዋሪ ናቸው፤ ከእርስዎ በፊት ነው የገቡት።"

ሰው ሳቀ። እሱም ሊስቅ ምንም አልቀረው። እሳቱን አጠፉ።

ወደ እኔ ዞራ "አዴ፣ በእጅዎ እንዳይነኳት። ምንም ዓይነት ብትሆን የሌሊት ወፍ በባዶ እጅ አይነካም፤ ትናከሳለች" አለችኝ። በአካፋ አፈር አለበስኳት። አፈሩ ግማሹ እግሬ ላይ ፈሰሰ።

ማታ 36.6።

ሐሙስ

ስድስተኛ ቀን። 36.4። የእኔ ደህና ነው። የብርቄ ነው የጨነቀኝ።

ብርቄ ከአጥሩ ማዶ ናት፤ ቆርቆሮው ላይ ባለው ቀዳዳ እንነጋገራለን። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የአምስት ወር ሴት ልጅ አላት። ዛሬ ጠዋት ቆርቆሮውን አንኳኳች።

"እትዬ፣ ራሴን ያመኛል።"

"ትኩሳት አለሽ?"

"የለኝም። 36.9 ነው።"

"ከስንት ቀን ጀምሮ?"

"ከትናንት። እትዬ... ልጄን ጡት ካስጣልኳት ሁለት ቀኔ ነው። ጫልቱ ካልታመምሽ አጥቢ ብላኛለች። እኔ ግን እፈራለሁ። ወተቴ ውስጥ ቢኖርስ? አማቴ የላም ወተት እያጠጣቻት ነው። ስታለቅስ እሰማታለሁ።"

"ደግ አደረግሽ" አልኳት። "ማስጣልሽ ደግ ነው። ፈጣሪ ያውቃል።"

ሌላ ምን እላለሁ? ሕፃኗ ደግሞ ያኔ ማልቀስ ጀመረች። ከማዶ ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ቆርቆሮውን ይዤ ቆሜ ነበር።

ልጄ ከሰበታ ደወለች። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም ነበር፤ ከሰው ሰማች። "ለምን ነካሽ? አንቺ ብቻ ነሽ ሬሳ የምታጥቢው? ሰው የለም?" ብላ ጮኸችብኝ። እኔም ጮህኩባት። "እመጣለሁ" አለች። "እንዳትመጪ። ከመጣሽ በር አልከፍትልሽም" ብዬ ዘጋሁባት።

ማታ 36.7። ትናንት ማታ 36.6 ነበር። ከፍ ብሏል። ትንሽ ነው፤ ግን ከፍ ብሏል።

ዓርብ

ሰባተኛ ቀን። 36.5።

ዛሬ አስቴርን አናገርኳት። ማናገር ሳይሆን መስደብ ነው። ክፍሏ በር ላይ ቆሜ፣ የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩት። አንቺ ነሽ የጨረስሽን፣ ታውቂ ነበር፣ እናትሽን ደብቀሽ አምጥተሽ ቤቴን አረከስሽ አልኳት። በመጨረሻ "ለጤና ጣቢያ የነገረብንን ሰው ፈጣሪ ይባርከው፤ በአንቺማ ቢሆን ሁላችንም ሳናውቅ በሞትን ነበር" አልኳት።

በሩን ከፈተች። ፊቷ አብጧል።

"የነገርኩት እኔ ነኝ እማማ።"

"ምን?"

"እሑድ ማታ ከሀገር ደወሉልኝ። ከጸሎት ቡድኑ ሁለተኛዋ ሴት ሞተች አሉኝ። ያን ጊዜ ነው የታይፎይድ ነገር እንዳልሆነ የገባኝ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳልገባ ጤና ጣቢያ ሄጄ ተናገርኩ። ዝም ብል ማን ያውቅብኝ ነበር? ከሥራም ተባርሬያለሁ፤ አትምጪ ብለውኛል።"

ወደ ቤት ገባሁ። ደብተሩን አወጣሁ።

እዚህ ደብተር ላይ እስካሁን ያልጻፍኩት ነገር አለ። ልጻፈው።

የዛሬ ሳምንት ልክ በዚህ ሰዓት ነው። ብርቄን የጠራኋት እኔ ነኝ። ጉልበቴ ስለደከመ፣ መገነዝ ላስተምራት ብዬ። ልጅቷ ጓንት አድርጋ ገባች። እድራችን ጓንት አለው። አምና ጫልቱ አንድ ካርቶን አምጥታ "ይሄ ለገናዦች ነው" ብላ ሰጥታን ነበር። እኛ ግን ለቅሶ ቤት ሽንኩርት ስንከትፍ፣ ቃሪያ ስንሰነጥቅ እጃችን እንዳይለበልበን አደረግነው። ለሬሳ አንድም ቀን አድርገነው አናውቅም። ሬሳ በላስቲክ መንካት መጸየፍ ይመስለናል።

ብርቄን አየኋትና "ምነው ብርቄ፣ ሽንኩርት ልትከትፊ ነው?" አልኳት።

በር ላይ የነበሩት ሴቶች ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። አፈረች። አወለቀችው።

እኔ ነኝ ያስወለቅኳት።

ሌላም አለ። ሴትዮዋን ሳጥብ ድዷ ላይ ደም አይቻለሁ። ጥርሶቿ መካከል ረግቷል። አፍንጫዋም ውስጥ። በጥጥ ጠረግሁት፣ ሌላ ጥጥ ጨመርኩ፣ አገጯን አሰርኩ። ምላሷን ነክሳ ይሆናል አልኩ። አስቴርን ጠርቼ "እናትሽ ምን ነበር ያመማት?" ብዬ አልጠየቅኩም። አርባ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው፤ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ፊደል የማላውቅ ሳለሁ በየቢሮው ስገፋ፣ ለዚህ ሥራ ብቻ ነበር "እትዬ ጥሩነሽ ትጠራ" የሚባለው። እዚያ ክፍል ስገባ ሁሉም ይታዘዘኛል። እዚያ እኔ አላፍርም፤ ሌላውን አሳፍራለሁ።

ማታ 36.5። የእኔ ደህና መሆን ምን ያደርጋል።

ቅዳሜ

ስምንተኛ ቀን።

ብርቄ 38.6።

አማቷ ስትጮህ ነው የሰማሁት። ቆርቆሮው ጋ ሮጥኩ። ብርቄ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ትንቀጠቀጣለች፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልላለች። "እትዬ ያዘኝ" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። "ያዘኝ።"

አምቡላንስ መጣ። ከራስ እስከ እግራቸው ነጭ የለበሱ ሦስት ሰዎች ወረዱ። ፊታቸው አይታይም። ሰፈሩ በሙሉ በየበሩ ቆሞ ያያል፤ ማንም አይጠጋም። አንዱ ሊደግፋት እጁን ሲዘረጋ ወደ ኋላ አለች፤ "አይንኩኝ፣ ይይዝዎታል" አለችው። በዚያ ሁኔታ ላይ ሆና ለሰውየው አዘነች። እሱም "ግድ የለም እህቴ፣ ለብሻለሁ፣ እዪው" ብሎ ጓንቱን አሳያት። ሁለት ድርብ ነው።

ልጄን ላያት አለች። አማቷ ከሩቅ ከፍ አድርጋ አሳየቻት። ሕፃኗ እናቷን አይታ እጇን ዘረጋች።

ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ጠዋት 36.4። ማታ 36.6። ለምን እኔን አልያዘኝም? ሰባት ዓመት፣ ስምንት ዓመት ዕድሜ ቢቀረኝ ነው። ሴትዮዋንም ከደረቷ በላይ ያጠብኳት እኔ ነኝ፤ ብርቄ እግሯን ብቻ ነው ያጠበችው።

እሑድ

ዘጠነኛ ቀን። 36.5።

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እዚህ ድረስ ይሰማል። በሩ ጋ በርጩማ አውጥቼ ተቀምጬ ሰማሁ። የሚያልፉ ሴቶች ከመንገዱ ወደ ማዶው ተሻገሩ። አንዷ ከሩቅ "እግዜር ያውጣዎት" አለች። አሜን አልኩ፤ ለእሷም ይሁን።

ጫልቱ በዕረፍት ቀኗ መጣች። ከፊቷ ላነብ ሞከርኩ፤ ጭምብሉ ምንም አያሳይም።

"አዴ፣ የብርቄ የመጀመሪያው የደም ናሙና ነጻ ነው።"

ተነስቼ ቆምኩ።

"ይቀመጡ። ገና ነው። ትኩሳቱ እንደጀመረ የተወሰደ ስለሆነ አይታመንም። ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ይወሰዳል። ግን ሌላም ነገር አግኝተውባታል። ጡቷ አብጧል። ወተቱ እዚያው ቋጥሮ ቆስሏል። አንድ ጡቷ እንደ እሳት ይፋጃል። ትኩሳቱ ከእሱ ሊሆን ይችላል ብለዋል። አጥቢ ብያት ነበር እኮ! ማን ነው አስጥይ ያላት?"

"ራሷ ናት ያስጣለችው" አልኩ። "እኔ ደግሞ ደግ አደረግሽ አልኳት።"

ጫልቱ ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። "ሁላችሁም ስለፈራችሁ ነው" ብቻ አለች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ትኩሳቱ ከጡቷ ይሁን ከዚያኛው አይታወቅም። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። አንዱ ሌላውን አያስቀረውም።

ሰኞ

አሥረኛ ቀን። 36.4።

አስቴር በሯን ከፍታ ደፉ ላይ ተቀመጠች። እኔ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። በመካከላችን ግቢው አለ። ከዚያ ሳልጠይቃት መናገር ጀመረች።

"ጾም ጸሎት ይዘው ነበር እማማ። ከቤታችን በላይ ዋሻ አለ፤ ሰው አይገባበትም፤ ጸጥ ያለ ነው ብለው መረጡት። ስድስት ሴቶች። እናቴ ገባችና ሽታው ከበዳት። እዚህማ እግዚአብሔርን አንለምንም፣ መጀመሪያ እናጽዳ አለች። ቅጠል አስረው መጥረጊያ ሠሩ። በጉልበታቸው ተንበርክከው ጠረጉት። ኩሱ እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር አሉ። አቧራው ሲያስላቸው ዋለ። ከዚያ ሦስት ቀን እዚያው አደሩ። ከላያቸው የሌሊት ወፎቹ ተንጠልጥለዋል። እናቴ ስልክ ስትደውልልኝ 'እንግዶቻችን እነሱ ናቸው' እያለች ትስቅ ነበር።"

"ለምን ነበር የሚጸልዩት?"

"ለእኔ። ሥራዬ ቋሚ እንዲሆን።"

ጎመኑን አስቀመጥኩት።

ያቺን ሴት በሕይወት ሳለች አንድ ቀን እንኳ ገብቼ እንዴት ነሽ አላልኳትም። ባልዲ ማዋስ፣ አንሶላ ማስጣት ብቻ ነው ያደረግኩት። ከሞተች በኋላ ነው በደንብ ያየኋት። እጆቿ የሠራተኛ እጅ ነበሩ፤ መዳፏ ወፍራም። የጠረገችበት እጅ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከቀነጠስኩት ጎመን ከፍዬ በትሪ ግቢው መካከል አስቀመጥኩላትና ተመለስኩ። መጥታ ወሰደችው። ስለ ስድቡ ይቅርታ አልጠየቅኳትም። አፌ አልታዘዘኝም። ለሌላ ቀን።

ማታ 36.6።

ማክሰኞ

አሥራ አንደኛ ቀን። ጠዋት 37.4።

እንደገና ለካሁ። 37.4። ቴርሞሜትሩን በውሃ አጥቤ ለካሁ። 37.3። ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ከሱ ይሆናል። ጥላ ውስጥ ገብቼ ጠበቅኩ። ለጫልቱ ልደውል ስል ጣቴ ቁጥሩን ሳተ። ለልጄ ልደውል አልኩ፤ ምን ብዬ? ያለኝን ልብስ አጣጠፍኩ። አንዱን ነጭ ነጠላ ለብቻው አስቀመጥኩ። ከዚያ አሰብኩት፤ እኔን እኮ ማንም በነጠላ አይገንዘኝም። በላስቲክ ከረጢት ነው። ማንም ዘመድ አይነካኝም። ሳስበው ሆዴ ተላወሰ። ምልክቱ ይሄ ነው አልኩ፣ ጀመረኝ።

እኩለ ቀን 36.9። አሥር ሰዓት ላይ 36.6።

የብርቄ ሁለተኛው ናሙና ዛሬ ተወስዷል። መልስ የለም።

ረቡዕ

አሥራ ሁለተኛ ቀን። 36.5።

ጫልቱ ከመንገዱ ጀምራ እየጮኸች መጣች። "ነጻ! አዴ፣ ነጻ ናት! ሁለተኛውም ነጻ ነው!" አማቷ ከቆርቆሮው ማዶ እልል አለች። ጡቷ እየተሻላት ነው፤ በመድኃኒት ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ቆይታ ትመጣለች፤ ማጥባትም ትችላለች።

ከዚያ ጫልቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሁለተኛውን ነገር ነገረችኝ። የብርቄ ትኩሳት ከጡቷ መሆኑ፣ ሴትዮዋ በምን እንደሞተች አይነግረንም። ከሴትዮዋ ናሙና የወሰደ የለም፤ ተቀብራለች። ስለዚህ ቀኑ አልተሰረዘም። ብርቄም፣ አስቴርም፣ እኔም እስከ ሃያ አንድ እንቆጥራለን። ዘጠኝ ቀን ይቀረናል።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ገመቹ መጣ። በሩ ላይ ቆመ፤ ዛሬ ግን እንደ ሰሞኑ አልራቀም። ከገፈርሳ መንገድ በላይ አንዲት አሮጊት አርፈዋል።

"ብርቄ ነጻ ናት ተብሏል አይደል? እንግዲህ ተነሺ እንጂ ጥሩነሽ። ሴቶቹ አንቺን እየጠበቁ ነው።"

"በምን ሞቱ?"

"በእርጅና ነዋ።"

"ትኩሳት ነበራቸው? ማን አስታመማቸው? ከየት የመጣ እንግዳ ነበራቸው?"

"አንቺ ደግሞ መርማሪ ሆንሽ እንዴ? እየጠበቁሽ ነው እላለሁ!"

"አልሄድም። እኔ ዘጠኝ ቀን ይቀረኛል፤ ሰው መንካት የለብኝም። ከእኔ በፊት ጫልቱን ጥሯት። የምትላቸውን ይስሟት፣ የምትሰጣቸውን ይልበሱ።"

"ሴቶቹ ይስቁብናል።"

"ይሳቁ። እኔም ስስቅ ነበር።"

ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ሙሾው ከላይ ሰፈር ይሰማኛል። እጆቼ ጭኔ ላይ ናቸው፤ ሥራ ለምደው ዝም ማለት አቅቷቸዋል። ሙቀቴ 36.7 ነው። የነገን አላውቅም። ራሴንም ትንሽ ይከብደኛል፤ ከለቅሶው ድምፅ ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል። ዘጠኙ ቀን በሰላም ቢያልቅልኝ እንኳ አንድ ነገር ቆርጫለሁ። ከእንግዲህ ሟቿ በምን እንደሞተች ሳልጠይቅ፣ ማንም ቢጠራኝ፣ የሬሳ ማጠቢያ ውሃ አልጥድም።